የእድራችን መዝገብ ለምን ይወድቃል? በሲ የተጻፈ ሃሽ ቴብል ሜሞሪ ላይ ሲሰናከል ሥሩን ማግኘት

የጎረቤቴ ልጅ የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ ነው፣ ሁለተኛ ዓመት። ክረምቱን ሐዋሳ ቤተሰቡ ጋ ሲያሳልፍ ለሰፈራችን እድር የስልክ መዝገብ ልሥራ ብሎ ተነሳ። ስም ታስገባለህ፣ ስልክ ቁጥር ያወጣልሃል። በሲ ፕሮግራሚንግ ቋንቋ ነው የጻፈው፣ ውስጡም ራሱ ከባዶ የሠራው ሃሽ ቴብል አለ። በጣም ደስ አለኝ። ሃሽ ቴብልን አንዴ በእጁ የሠራ ልጅ ነገ በፓይተን ዲክሽነሪ ሲጠቀም ከጀርባ ምን እየሆነ እንዳለ ያውቃል።

በአምስት ስም ሞከረው፣ ሠራ። የእድሩን ዝርዝር ሲያስገባበት ግን ወደቀ። ሴግሜንቴሽን ፎልት፣ ማለትም ያልተፈቀደለትን ሜሞሪ ነክቷል። ሦስት ቀን መስመር ሲያዘዋውር ቆየ። ፕሪንትኤፍ (ስክሪን ላይ የሚጽፍ ትእዛዝ) ሲጨምር ይሠራል፣ ሲያጠፋው ይወድቃል። ስልኩ ላይ ኮምፓይል ሲያደርገው ደግሞ ጭራሽ አይወድቅም። በመጨረሻ ላፕቶፑን ይዞ መጣና «ጋሼ፣ ላፕቶፑ ነው መሰለኝ የተበላሸው» አለኝ።

ላፕቶፑ ደህና ነው። ያገኘናቸው ጥፋቶች አራት ነበሩ። አራቱም ማንኛውም ጀማሪ የሚሠራቸው ናቸው፣ ሁለቱ ግን በተለይ እኛን፣ በፊደል የምንጽፈውን ሰዎች፣ የሚመለከቱ ናቸው። ስለዚህ ያደረግነውን በቅደም ተከተል ልጻፍላችሁ። ኮዱንና ትእዛዞቹን እዚህ የጻፍኳቸው ስናነባቸው በሚሰማው ድምፅ ነው፤ ኪቦርድ ላይ በተለመደው የእንግሊዝኛ ፊደል ትጽፏቸዋላችሁ።

መጀመሪያ ፕሮግራሙን እንወቀው

ሃሽ ቴብል ማለት የፖስታ ሳጥን ነው። እኛ አገር ደብዳቤ ብዙውን ጊዜ ቤት ድረስ አይመጣም፣ ፖስታ ቤት ያለው ሳጥን ውስጥ ይገባል፣ እኛም ቁጥሩን ይዘን ሄደን እንከፍታለን። ልጁ 100 ሳጥን አዘጋጅቷል፣ ከ0 እስከ 99። ስም ሲመጣ ሃሽ ፈንክሽኑ ስሙን ወደ ቁጥር ይለውጠዋል፣ ቁጥሩም የትኛው ሳጥን እንደሆነ ይናገራል። ሁለት ስም አንድ ሳጥን ከደረሳቸው እንደ ሰንሰለት ይያያዛሉ።

የሰንሰለቱ እያንዳንዱ ቀለበት ኖድ ይባላል። የልጁ ኖድ ሦስት ፖይንተር (የሜሞሪ አድራሻ የሚይዝ ቫሪያብል) አለው፦ መጀመሪያ ስም፣ ቀጥሎ ስልክ፣ መጨረሻ ላይ ወደሚቀጥለው ኖድ የሚያመለክተው ኔክስት። በ64 ቢት ኮምፒውተር አንድ ፖይንተር 8 ባይት ስለሆነ ኖዱ 24 ባይት ነው። ስም 0ኛው ባይት ላይ ይጀምራል፣ ስልክ 8ኛው ላይ፣ ኔክስት 16ኛው ላይ። እነዚህን ቁጥሮች ወረቀት ላይ ጻፏቸው። ወደ ኋላ ብዙ ነገር ይነግሩናል።

የሃሽ ፈንክሽኑ ቀላል ነበር። ኢንት ድምር = 0 ብሎ ይጀምራል፣ የስሙን ባይቶች አንድ በአንድ ይደምራል፣ በመጨረሻ ድምር % 100 ይመልሳል። ይህን ያየ መምህር ሁሉ ትክክል ነው ብሎ ያልፈዋል።

ከመንካታችሁ በፊት በትንሹ አስወድቁት

ፕሮግራም ሲወድቅ የሁላችንም እጅ ወደ ኮዱ ይሮጣል። አትንኩት። መጀመሪያ በፈለጋችሁት ሰዓት የሚወድቅበትን አነስተኛ ግብአት ፈልጉ። ኮዱን እየቀያየራችሁ፣ ግብአቱንም እየቀያየራችሁ ከሄዳችሁ የትኛው ለውጥ ምን እንዳመጣ መቼም አታውቁም።

ዝርዝሩን ለሁለት ከፈልነው። የላይኛው ግማሽ ወደቀ፣ የታችኛው አልወደቀም። የወደቀውን እንደገና ለሁለት። እንዲህ እያልን ስናጠብ የቀሩትን ስሞች አየኋቸውና አንድ ነገር ገባኝ። ሐዋሳ ስለሆንን ዝርዝራችን ድብልቅ ነው። ሲዳሙ አፎ (የሲዳማ ቋንቋ) የሚጻፈው በላቲን ፊደል ነው፣ ስለዚህ ብዙ አባሎቻችን ስማቸውን በላቲን ነው ያስመዘገቡት፤ የቀሩት ደግሞ በአማርኛ ፊደል። በላቲን የተጻፉትን ብቻ ስናስገባ ፕሮግራሙ እንደ ውሃ ይፈሳል። በፊደል የተጻፉትን ብቻ ስናስገባ ይወድቃል። ልጁ መጀመሪያ የሞከራቸው አምስት ስሞችም በላቲን የተጻፉ ነበሩ።

ይህን ስታገኙ ሥራው ተጋምሷል። ገና አንድ መስመር ኮድ አላየንም፣ ግን የት እንደምናይ አውቀናል።

ኮምፓይለሩ የሚያውቀውን ይናገር

አብዛኛው ተማሪ የሲ ኮምፓይለሩን፣ ጂሲሲን፣ በባዶው ነው የሚጠራው። በባዶው አትጥሩት። ሰረዝ ጂ ጨምሩ፤ የመስመር ቁጥሮችና የቫሪያብል ስሞች ፕሮግራሙ ውስጥ እንዲቀሩ ያደርጋል። ሰረዝ ኦ ዜሮ ጨምሩ፤ ኮዱን ለፍጥነት ብሎ እንዳያገላብጠው። ከዚያ ሰረዝ ደብልዩ ኦል እና ሰረዝ ደብልዩ ኤክስትራ፤ እነዚህ ማስጠንቀቂያዎቹን ያበራሉ። ማስጠንቀቂያ ቢመጣም ፕሮግራሙ ለማንኛውም ስለሚሠራ ብዙ ሰው ያልፈዋል፣ እኔ ግን በሲ ላይ እያንዳንዱን ማስጠንቀቂያ እንደ ኤረር ነው የምቆጥረው።

ዊንዶውስ ላይ ኮድብሎክስ የምትጠቀሙ ከሆነ ሴግሜንቴሽን ፎልት የሚል ጽሑፍ ላታዩ ትችላላችሁ። ጥቁሩ መስኮት ላይ -1073741819 የሚል ቁጥር መልሷል ይላችኋል። ያ ቁጥር ያው ነገር ነው፤ ያልተፈቀደ ሜሞሪ ነክተሃል ማለት ነው። ከታች የምጠቀምበት ቫልግሪንድ የሚባለው የሜሞሪ መርማሪ ዊንዶውስ ላይ ስለማይሠራ ደብሊውኤስኤል (ዊንዶውስ ውስጥ ሊኑክስ የሚያስኬድ) አስገብታችሁ ሊኑክስ ውስጥ ብትሠሩ ይሻላችኋል። ትንሽ ዳታ ይበላል፣ ግን ለሲ የሚሆን ከዚህ የተሻለ ወጪ አላውቅም።

ጂዲቢ፦ የወደቀበትን ቦታ መጠየቅ

ጂዲቢ ፕሮግራምን እያስቆመ የሚመረምር መሣሪያ ነው። ፕሮግራሙን በጂዲቢ ክፈቱና ራን በሉት። ሲወድቅ ጂዲቢ ይቆማል እንጂ አይዘጋም። እዚህ ላይ ልጁ ደነገጠ፣ ምክንያቱም የወደቀው እሱ በጻፈው ኮድ ውስጥ አልነበረም፤ ሁለት ጽሑፍ የሚያወዳድረው የላይብረሪ ፈንክሽን፣ ስትርሲኤምፒ፣ ውስጥ ነው የሚለው፣ ያውም የማያውቀውን የፋይል ስም ጠርቶ ፋይሉ የለም ይላል። ይህ መልእክት ብዙ ጀማሪ ያባርራል። የሚለው ነገር ቀላል ነው፦ የወደቅከው ሲ ላይብረሪው ውስጥ ነው፣ የላይብረሪው ምንጭ ኮድ ደግሞ አንተ ኮምፒውተር ላይ የለም። የላይብረሪው ስትርሲኤምፒ ስህተት አለበት ማለት አይደለም። እናንተ የሰጣችሁት ፖይንተር ነው የተበላሸው።

ቢቲ ብላችሁ ጻፉ። ማን ማንን እንደጠራ ከላይ ወደ ታች ይዘረዝርላችኋል። ቁጥር 0 ስትርሲኤምፒ ነው፣ ቁጥር 1 ግን የልጁ የራሱ ፈንክሽን ነው፣ ከነመስመር ቁጥሩ። ፍሬም 1 ብላችሁ ወደዚያ ግቡ። አሁን ፕሪንት እያላችሁ መጠየቅ ነው።

መጀመሪያ የጠየቅነው ኖዱን ነበር። ትርጉም የለሽ አድራሻ ሰጠን፣ ውስጡን አሳየን ስንለው እዚያ ሜሞሪ መድረስ አልችልም አለ። እዚህ ላይ አድራሻውን ራሱን ማንበብ ልመዱ፣ ብዙ ይናገራል። 0 ከሆነ ኑል ነው፣ የትም የማያመለክት ባዶ ፖይንተር። እንደ 8 ወይም 16 ያለ ትንሽ ቁጥር ከሆነ ደግሞ ኑል የሆነ ኖድ ይዛችሁ ሁለተኛውን ወይም ሦስተኛውን ክፍል ለማንበብ ሞክራችኋል፤ ወረቀቱን እዩት፣ 16 ኔክስት ነው። አድራሻው ውስጥ በሄክሳ ኢ1 የሚለው ባይት ደጋግሞ ከታየ ደግሞ የአማርኛ ጽሑፍ ፖይንተሩ ላይ ተጽፎበታል ብላችሁ ጠርጥሩ፣ ምክንያቱ ቀጥሎ ይመጣል።

ከዚያ ልጁን «የሳጥኑን ቁጥር ጠይቀው» አልኩት። «ፕሪንት ቦታ» አለ፤ ቦታ የሳጥኑን ቁጥር የያዘው ቫሪያብል ነው። መልሱ -37 ነበር።

100 ሳጥን ነው ያለን፣ ከ0 እስከ 99። -37 የሚባል ሳጥን የለም። ልጁ ለረጅም ጊዜ ዝም ብሎ አየው።

-37 ከየት መጣ?

እዚህ ላይ ቀስ ብለን እንሂድ፣ የጽሑፉ ዋና ነገር ይሄ ነው።

ዩቲኤፍ 8 በሚባለው አጻጻፍ አንድ የላቲን ፊደል 1 ባይት ይይዛል። አንድ የአማርኛ ፊደል ግን 3 ባይት ነው። አ ማለት 225፣ 138፣ 160 ነው። በ ማለት 225፣ 137፣ 160። ሀ ብላችሁ ከምትጀምሩት ጀምሮ የተለመዱት ፊደሎቻችን በሙሉ መጀመሪያቸው 225 ነው፤ በሄክሳ ኢ1 ያልኳችሁ እሱ ነው። ከ225 በኋላ የሚመጡት ሁለቱ ባይቶችም ሁልጊዜ ከ127 በላይ ናቸው።

አሁን ካር የሚባለው የሲ ዓይነት ጋ እንምጣ። ካር 1 ባይት ነው፣ ግን ኔጌቲቭ ይይዛል ወይስ አይይዝም የሚለውን የሲ ስታንዳርድ ለኮምፓይለሩ ነው የተወው። ኢንቴልና ኤኤምዲ ባለበት ላፕቶፕ፣ ሊኑክስ ላይም ዊንዶውስ ላይም፣ ካር ከ-128 እስከ 127 ነው። ስለዚህ 225 እዚያ ውስጥ ሲገባ 225 ሆኖ አይነበብም። 256 ይቀነስለትና -31 ይሆናል። 138 ደግሞ -118 ይሆናል፣ 160 ደግሞ -96።

አበበ የሚለውን ስም አብረን እንደምር። አ፦ -31፣ -118፣ -96፣ ድምሩ -245። በ፦ -31፣ -119፣ -96፣ ድምሩ -246። ሁለት በ አለ። ሁሉም ሲደመር -737። ይህን ለ100 አካፍለን ቀሪውን ስንወስድ በሲ መልሱ -37 ነው፣ ምክንያቱም በሲ የቀሪው ምልክት የተካፋዩን ይከተላል። ያው ስም በላቲን ትንንሽ ፊደላት ቢጻፍ 97፣ 98፣ 101፣ 98፣ 101፣ ድምሩ 495፣ ሳጥን 95። ሰላም ነው።

ልጁ ይህን በወረቀት ሲደምር -737 ላይ ሲደርስ የተሰማውን ደስታ ብታዩት። ሦስት ቀን ያሠቃየው ነገር አምስት መስመር ስሌት ሆነ።

ለምን ታዲያ ስልኩ ላይ ሠራ? አንድሮይድ ስልኮች ውስጥ ያለው ፕሮሰሰር አብዛኛውን ጊዜ አርም ነው፣ እዚያ ላይ ካር በተለምዶ ኔጌቲቭ የለውም፣ ከ0 እስከ 255 ነው። 225 ያው 225 ሆኖ ይነበባል። ላፕቶፑ ላይስ ለምን አንዳንዴ ብቻ ወደቀ? -37 ማለት ከሰንጠረዡ መጀመሪያ 37 ጊዜ 8፣ ማለትም 296 ባይት ወደ ኋላ ማለት ነው። እዚያ ያለው የማሎክ (ሜሞሪ ስንጠይቅ የሚሰጠን ፈንክሽን) የራሱ መዝገብ ሊሆን ይችላል፣ ፋይል ስትከፍቱ የተያዘ ቦታም ሊሆን ይችላል። የተቀመጠው ዜሮ ከሆነ ፕሮግራሙ ባዶ ሳጥን መስሎት ዝም ብሎ ያልፋል፣ እዚያ ላይ ይጽፍና የሰው ንብረት ያበላሻል። ሌላ ነገር ከሆነ ያንን እንደ ኖድ አድራሻ ይዞ ይሄድና ይወድቃል። ፕሪንትኤፍ ሲጨመር የሜሞሪው አቀማመጥ ስለሚለዋወጥ ነው ችግሩ የሄደ የሚመስለው።

ማስተካከያው ሁለት ቦታ ነው። ድምሩን ኢንት መሆኑ ቀርቶ አንሳይንድ ኢንት አድርጉት። እያንዳንዱን ባይት ከመደመራችሁ በፊት ደግሞ ወደ አንሳይንድ ካር ቀይሩት፦

ድምር = ድምር + (አንሳይንድ ካር) *ስም;

አሁን አበበ 1567 ይሆናል፣ ሳጥን 67። ላፕቶፕም ላይ ስልክም ላይ አንድ ነው። ልጁ መጀመሪያ «አብስ ልጨምርበትና ፖዘቲቭ ላድርገው» ብሎኝ ነበር። አታድርጉት። ምልክቱን ይሸፍናል እንጂ ላፕቶፑና ስልኩ አሁንም የተለያየ ሳጥን ነው የሚመርጡት፤ ደግሞም በኢንት ውስጥ የመጨረሻው ኔጌቲቭ ቁጥር -2147483648 ፖዘቲቭ ጓደኛ ስለሌለው አብስ አያድነውም።

እግረ መንገዴን፣ ባይት እየደመሩ መሄድ ራሱ ደካማ ሃሽ ነው፤ ፊደሎቻቸው አንድ ሆነው ቅደም ተከተላቸው ብቻ የሚለያይ ስሞች ሁሉ አንድ ሳጥን ይገባሉ። ከ5381 ተነስቶ በየባይቱ በ33 እያባዛ የሚደምረው የዳንኤል በርንስታይን ዘዴ አጭርና ለእንዲህ ያለ ሥራ በቂ ነው። ግን እሱን ለሌላ ቀን አቆዩት። አንድ ጥፋት እያረማችሁ ሌላ ማሻሻያ አትቀላቅሉ።

ሁለተኛው፦ ስምንት ፊደል ያለው ስም

ይህን አስተካክለን ሙሉውን ዝርዝር አስገባን። ሁሉም ገባ። ልጁ ሊነሳ ሲል ፕሮግራሙ ሲዘጋ እንደገና ወደቀ፤ አሁን ሴግሜንቴሽን ፎልት ሳይሆን ስለ ፍሪ (የተያዘን ሜሞሪ ስለሚለቀው ፈንክሽን) የሚያማርር መልእክት ነው ያወጣው።

ፍሪ ሲያማርር የፍሪን መስመር ብቻ እያያችሁ አትድከሙ። ማሎክ በሚሰጣችሁ እያንዳንዱ ቁራሽ ሜሞሪ ፊት ለፊት የቁራሹን መጠን ይጽፋል። አንድ ሰው ያንን ጽሑፍ ቀደም ብሎ ደምስሶት ከሆነ ፍሪ ሲመጣ ነው የሚያየው። ልክ የእድር ገንዘብ የጎደለው በጥቅምት ሆኖ ሒሳቡ ሲዘጋ በሰኔ እንደሚታየው ነው። ስለዚህ ሜሞሪው ሲበላሽ እዚያው ላይ የሚይዝ መሣሪያ ያስፈልጋል። ቫልግሪንድ ለዚህ ነው።

ፕሮግራሙን ሳትቀይሩ በፊቱ ቫልግሪንድ ብላችሁ ጨምራችሁ አሂዱት። በጣም ይዘገያል፣ አሥር እጥፍና ከዚያም በላይ፣ ታገሡት። የሚያወጣው ጽሑፍ ብዙ ነው፤ የመጀመሪያውን ኤረር ብቻ አንብቡ። ሌሎቹ ብዙ ጊዜ የእሱ ልጆች ናቸው። የእኛው የመጀመሪያ ኤረር ኢንቫሊድ ራይት ኦፍ ሳይዝ 1 ይላል። ከሥሩ ጽሑፍ ከሚገለብጠው ፈንክሽን፣ ከስትርኮፒ፣ እንደመጣና የልጁን መስመር ቁጥር ይጠቅሳል። ቀጥሎ ያለችው መስመር ደግሞ ወርቅ ናት፦ አድራሻው 24 ባይት ካለው ብሎክ 0 ባይት በኋላ ነው ትላለች። ማለትም 24 ባይት ጠይቀሃል፣ 25ኛው ላይ ጻፍክ።

መስመሩ ይህ ነበር፦

ስም_ቅጂ = ማሎክ(ስትርለን(ስም));

ስትርለን የስሙን ባይቶች ይቆጥራል፣ መጨረሻ ላይ ያለችውን ዜሮ ግን አይቆጥራትም። ስትርኮፒ ግን ያቺንም ዜሮ ይገለብጣል። ስለዚህ ሁልጊዜ አንድ ባይት ያልፋል። ማስተካከያው ስትርለን(ስም) + 1 ነው፣ ወይም ሁለቱንም ሥራ አንድ ላይ የሚሠራውን ስትርደፕ መጠቀም።

ይህን ስህተት መምህራን ሁሉ ያስተምሩታል። የማያስተምሩት ለምን ከአንዳንድ ስም ጋር ብቻ እንደሚፈነዳ ነው። ሊኑክስ ላይ በ64 ቢት ማሎክ በትክክል የጠየቃችሁትን አይሰጥም፣ ከፍ አድርጎ ነው። ትንሹ 24 ባይት ነው፣ ቀጥሎ 40፣ 56፣ 72 እያለ በ16 ይጨምራል። አበበ 9 ባይት ነው፣ 10ኛው ላይ ብትጽፉ ትርፍ ቦታ ስላለ ማንም አይጎዳም። ተክለሃይማኖትን ግን ቁጠሩት። ስምንት ፊደል ነው፣ 8 ጊዜ 3፣ 24 ባይት ድርስ። ትርፍ የለውም። 25ኛዋ ዜሮ በቀጥታ ጎረቤቱ ቁራሽ መጠን ላይ ታርፋለች። የልጁ ኮድ መጀመሪያ ለስሙ ቦታ ይወስዳል፣ ቀጥሎ ለኖዱ፣ ከዚያ በኋላ ነው የሚገለብጠው። ስለዚህ ጎረቤቱ የራሱ የስሙ ኖድ ነበር፤ ኖዱ ሲለቀቅ መጠኑ 0 ሆኖ ተገኘ። ገብረጊዮርጊስም ስምንት ፊደል ነው። ከነአባት ስም ከሆነ ደግሞ 13 ፊደልና አንድ ክፍት ቦታ 40 ባይት ይሆናል፣ እሱም ድርስ ነው። ኮዳችሁን ስትፈትሹ እነዚህን ርዝመቶች ሆን ብላችሁ አስገቡ።

ባይት መቁጠር ከጀመርን አይቀር፣ ግብአት የምትቀበሉበትንም ቦታ እዩ። ካር ስም[20] ብላችሁ በስካንኤፍ የምትቀበሉ ከሆነ በላቲን 19 ፊደል ይገባል፣ በአማርኛ ግን 6 ፊደል ብቻ። ወልደማርያም ሰባት ፊደል ስለሆነ ከነዜሮው 22 ባይት ይፈልጋል፣ ያልፋል። ስታክ (የፈንክሽን ቫሪያብሎች የሚቀመጡበት ሜሞሪ) ስማሺንግ ዲቴክትድ የሚል መልእክት ካያችሁ ብዙ ጊዜ ይህ ነው። ስካንኤፍን ትታችሁ ኤፍጌትኤስ ተጠቀሙ፣ ለሙሉ ስም 256 ባይት ስጡት፣ መጨረሻ ላይ የሚያስቀራትን የአዲስ መስመር ምልክት አጥፏት።

ሦስተኛው፦ ከለቀቁ በኋላ ማንበብ

ቫልግሪንድን እንደገና ስናሄድ ሌላ ኤረር ወጣ። ኢንቫሊድ ሪድ ኦፍ ሳይዝ 8፣ አድራሻው ከተለቀቀ 24 ባይት ብሎክ ውስጥ 16ኛው ላይ ነው አለ። ልጁን «ወረቀቱን እየው» አልኩት። 24 ባይት ኖድ ነው፣ 16 ኔክስት ነው፣ ተለቋል ይላል። ኮዱን ሳይከፍት ነገረኝ፦ ኖዱን ፍሪ ካደረኩ በኋላ ኔክስቱን አንብቤያለሁ።

ልክ ነው። ፎር ሉፑ በየዙሩ ኖዱን ይለቃል፣ ከዚያ ወደሚቀጥለው ለመሄድ የለቀቀውን ኖድ ኔክስት ይጠይቃል። ኮሌጅ ውስጥ ከማያቸው የሊንክድ ሊስት (እንዲህ በሰንሰለት የተያያዘ ዝርዝር) ኮዶች ስንቱ ላይ እንዳየሁት። ማስተካከያው ከመልቀቃችሁ በፊት ኔክስቱን በሌላ ቫሪያብል መያዝ ነው፦

ቀጣይ = ኖድ->ኔክስት; ፍሪ(ኖድ->ስም); ፍሪ(ኖድ->ስልክ); ፍሪ(ኖድ); ኖድ = ቀጣይ;

ይህ ጥፋት ከሁሉም የበለጠ ተደብቆ የሚቆይ ነው። አሁን ያለው የሊኑክስ ሲ ላይብረሪ ትንንሽ ቁራሽ ሲለቀቅ የመጀመሪያዎቹን 16 ባይቶች ለራሱ መዝገብ ይጠቀምባቸዋል። ኔክስት 16ኛው ላይ ስለነበረ ሳይነካ ቀረ፣ ሉፑም የሠራ መሰለ። ልጁ አንድ ቀን ኔክስትን ወደ መጀመሪያ ቦታ ቢያዘዋውረው ኖሮ በማግስቱ ይወድቅ ነበር፣ እሱም ጥፋቱን እዚያ ለውጥ ላይ ይፈልግ ነበር።

አራተኛውንና ሌሎቹን በፍጥነት

የ100ው ሳጥን ሰንጠረዥ የተያዘው በማሎክ ነው። ማሎክ ሜሞሪውን አያጸዳም። ፕሮግራሙ ገና ሲጀምር የሚሰጠው ሜሞሪ ብዙ ጊዜ ዜሮ ስለሆነ ሳጥኖቹ ባዶ ይመስላሉ፣ ግን ከዚያ በፊት ተይዞ የተለቀቀ ቦታ ከደረሳችሁ ሳጥኑ ውስጥ የቆየ ቆሻሻ ታገኛላችሁ። ቫልግሪንድ ዋጋ ባልተሰጠው ነገር ላይ ውሳኔ አድርገሃል ይላል። ሜሞሪውን ዜሮ አድርጎ በሚሰጠው በካሎክ፣ ካሎክ(100፣ የፖይንተሩ ሳይዝኦፍ) ብሎ፣ መተካት ይበቃል። ሳይዝኦፍ አንድ ነገር ስንት ባይት እንደሆነ ይናገራል፤ ውስጡ የምታስገቡትንም እዩ። የኖድ ፖይንተሩን ከሰጣችሁት 8 ይላችኋል፣ ኖዱን ራሱን ከሰጣችሁት 24። ለኖድ 8 ባይት ወስዶ 24 የሚጽፍ ኮድ ብዙ ጊዜ አጋጥሞኛል።

ስትፈልጉ ሁሉም አባል የመጨረሻውን ሰው ስም ይዞ ከተገኘ ደግሞ ክራሽ ባይሆንም ያው የሜሞሪ ጥፋት ነው፤ ስሙን አልገለበጣችሁም፣ የግብአት ማስቀመጫውን አድራሻ ነው ኖዱ ውስጥ ያስቀመጣችሁት።

ቫልግሪንድ ለማሽናችሁ ከከበደ ጂሲሲ ላይ ሰረዝ ኤፍሳኒታይዝ=አድረስ ጨምራችሁ ኮምፓይል አድርጉ። ከቫልግሪንድ በጣም ይፈጥናል፣ ቫልግሪንድ የማያያቸውን አንዳንድ ጥፋቶችም ይይዛል፣ በተለይ ስታክ ላይ ካሉ አሬይዎች (እንደ ካር ስም[20] ካሉ) ወሰን ማለፍን። ያልተጻፈበትን ሜሞሪ ማንበብን ግን አይይዝም፣ እሱን ቫልግሪንድ ነው የሚይዘው። ሁለቱን በአንድ ጊዜ አታሂዱ፣ አይስማሙም። እኔ በየቀኑ አድረስ ሳኒታይዘሩን አብርቼ እሠራለሁ፣ ከማስረከቤ በፊት አንዴ በቫልግሪንድ አሳልፈዋለሁ።

ማለቁን ማረጋገጥ

አልወደቀም ማለት ተስተካከለ ማለት አይደለም። ሦስት ቀን ሙሉ «አልወደቀም» ሲያታልለን ነበር። የምንፈልገው ቫልግሪንድ መጨረሻ ላይ 0 ኤረርስ እንዲልና ሁሉም የሂፕ ብሎክ (ከማሎክ የወሰድነው ሜሞሪ) ተለቋል እንዲል ነው። ይህን በአንድ ፋይል ሳይሆን ቢያንስ በእነዚህ ሞክሩት፦ ባዶ ፋይል፣ ባዶ መስመር ያለው ፋይል፣ አንድ ስም ሁለት ጊዜ ያለበት፣ በላቲንም በፊደልም የተደባለቀ፣ ከ1 እስከ 20 ፊደል ርዝመት ያላቸው ስሞች። የሌለ ስምም ፈልጉ። ልጁ እነዚህን አንድ ፎልደር ውስጥ አስቀምጦ ኮዱን በነካ ቁጥር ሁሉንም የሚያሄድ ትንሽ ስክሪፕት ጻፈ። እኔ ሳልነግረው ነው።

እሁድ ለእድሩ ጸሐፊ አሳያቸው። እሳቸውም መነጽራቸውን አድርገው ጸሐይ ብለው ጻፉ። የለም አላቸው። «ኧረ ልጄ፣ መስራች አባል ናቸው!» ልጁ ወደ እኔ ዞረ፣ ፊቱ ተለዋውጧል። እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥማችሁ እንደገና ጂዲቢ አትክፈቱ፣ ይህ የሜሞሪ ጉዳይ አይደለም። መዝገቡ ላይ ፀሐይ ተብሎ ነው የተጻፈው። ጸ እና ፀ ለእኛ አንድ ድምፅ ናቸው፣ ለኮምፒውተሩ ግን የተለያዩ ባይቶች ናቸው፣ የተለያየ ሳጥን ይደርሳቸዋል፤ ሀ፣ ሐ፣ ኀ፣ ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐም እንደዚያው። የሚስተካከለው ስሙ ወደ ሃሽ ከመግባቱ በፊት ነው። ስሙን ሲመዘግብም ሲፈልግም የሚጠራ አንድ ፈንክሽን ይጻፍና ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸውን ፊደሎች ወደ አንድ ይቀይር፣ ከነእንዚራቸው። የሚታየው ስም ግን ሰውየው እንዳስመዘገበው ይቆይ፣ ለብቻው ይያዝ። ኖዱ አሁን አራት ፖይንተር ሊኖረው ነው፣ 32 ባይት። ልጁ ወረቀቱን አውጥቶ 24 የሚለውን ሰረዘው።